ያልተኮሰ አልሳተም

በእኛ ከተማ የበር ጠባቂ እህት ሆኖ መወለድ ማለት ቅል መያዝ ማለት ነው። ማን እንደደነገገው አይታወቅም። በዓመት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጠባቂዎቹ ሁሉ አደባባይ ይወጡና በየተራ ሽጉጣቸውን ያስፈትናሉ። ዒላማው ቅል ነው። ቅሉን የሚይዘው ደግሞ የጠባቂው የሥጋ ዘመድ ነው፤ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ተኳሹ አዙሮ ይቆማል። ለምን እንጨት ላይ አይሰቀልም ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ጠይቄ ነበር። «እንጨት ዘመድ የለውም፤ ጠባቂው ለእንጨት ብሎ አይጠነቀቅም» አሉኝ። ምን ይባላል!

ወንድሜ ይርዳው የላይኛው በር ጠባቂ ነበር። እናታችን እሱን ስትወልድ ስለሞተች አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጠባቂ ከሆነ ጀምሮም ቅሉን የምይዝለት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ሽጉጡ ከተማው ለሁሉም የሚሰጠው ተራ ሽጉጥ ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ። ግን ይተኩሳል። ዝናብ ቢመታው ይተኩሳል፣ አቧራ ቢውጠው ይተኩሳል። ይርዳው በየሳምንቱ ወንዝ ዳር ይወርድና የጭቃው ግድግዳ ላይ ክብ ሥሎ ይለማመዳል። በቅል ቀን አንዳንዴ ይመታል፣ አንዳንዴ ይስታል፤ ቢስትም ወደ ውጭ ነው እንጂ ወደ እኔ አይደለም። ሲስት ሕዝቡ ይስቅበታል፣ እሱም ያፍርና ወንዝ ዳር ይከርማል። ፍርሃቱ ነበረኝ፤ ግን የሚቻል ፍርሃት ነበር።

ከዚያ ሽጉጥ አሻሻዩ መጣ።

ስሙ ባይለየኝ ይባላል። ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሲናገር ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው ነው። አደባባዩ ጥግ ሱቅ ከፈተና ከሩቅ አገር የመጡ የሽጉጥ ዕቃዎችን በቀይ ጨርቅ ላይ ደረደረ። «ሽጉጣችሁ ሲወለድ ነው የታመመው» አላቸው ጠባቂዎቹን። «እንደ ተፈጠረ ተዉት ያላችሁ ማነው?» መቼም እኛ ታመሃል ሲሉት የማይተኛ ሰው የለንም።

እውነት እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ መጀመሪያ ለይርዳው ያስገባለት ነገር ጠቅሞታል። ነጭ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ ነው። የይርዳው ዓይን ሲመሻሽ ይደክም ነበርና ነጥቡ ቁልጭ ብሎ ታየው። በዚያ ዓመት ቅሉን መሐሉን ብሎ በተነው፤ እኔም እልል አልኩ። እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? ግን አንድ ነገር የጠቀመው ሰው ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ያድራል ወይ?

ይህን ጊዜ የቅል ቀንን ፈተና የሚዳኘው የቅል ሹማችን ነገሩን በእጁ አስገባ። የቅል ሹማችን በሕይወቱ ሽጉጥ ተኩሶ አያውቅም፤ ድምፁ ራሱን ያመዋል። ይሁን እንጂ ማሻሻያ ቤት የሚባል አቋቋመና ጠባቂዎቹን ሰብስቦ «ማሻሻያው ጠቅሟችኋል ወይስ አልጠቀማችሁም?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጠቅሞናል አሉ። በሠርጉ ማግስት ሚስቱን የሚያማ ወንድ የት ይገኛል! ከዚህ በኋላ የገባ ዕቃ ሁሉ በቀይ ሰም እንዲታተም ታዘዘ። የታተመ ዕቃ አይወጣም፤ ማውጣት ከተማውን ተሳስተሃል ማለት ነው። የልምምድ ጥይቱም ተሰብስቦ በዕቃ ተለወጠ። «የተሻሻለ ሽጉጥ የያዘ ሰው ለምን ይለማመዳል? የሚለማመድ ካለ ሽጉጡን ጠርጥሯል» ተባለ። ወንዝ ዳር ያለው የጭቃ ግድግዳ ሣር በቀለበት። በዚህ ላይ አንድ ዕቃ በገባ ቁጥር ተኳሹ ከቅሉ ራቅ ብሎ እንዲቆም ተደረገ፤ የተሻለ ሽጉጥ በድሮው ርቀት ቢፈተን ውርደት ነው ተብሎ።

ይርዳው አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽጉጡን አውጥቶ አሳየኝ። ምላጩን አስለውጦ ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ንኪው። ትንፋሽ ይበቃዋል።»

«ትንፋሽ ለምን ይበቃዋል? ጠላት ሲመጣ እፍ ልትልበት ነው?»

«ምላጩ ሲከብድ እጅ ይነቀነቃል። ሲቀል ግን አይነቀነቅም፤ ስለዚህ አይስትም። ባይለየኝ እንዲህ ነው ያስረዳኝ።»

«እጅህ መቼ ተነቀነቀና ነው?»

እህሉን ትቶ ሽጉጡን በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

በዚያ ዓመት በቅል ቀን ከእኔ በፊት የቆመችው ጎረቤቴ ትርንጎ ናት። ለልጇ ለዳምጤ ነበር የያዘችው። ዳምጤም ምላጩን አስለውጧል። ሽጉጡን ገና ከወገቡ ወደ ላይ ሲያነሳው፣ ሳያነጣጥር፣ ሳያስብ፣ ዷ! አለ። ትርንጎ ጮኸች። ሁለት ጣቶቿ ከቅሉ ጋር ሄዱ። ልጁ ሽጉጡን ጥሎ እናቱ እግር ላይ ተደፋ። የቅል ሹሙ መጥቶ ደሙን አየ፣ ርቀቱን ለካ፣ ከማሻሻያ ቤት ሰዎች ጋር ተንሾካሾከና ፍርዱን ሰጠ፤ ሽጉጡ ታትሟል፣ የታተመ ሽጉጥ አይስትም፣ ስለዚህ የተንቀሳቀሰችው ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። እጇ እንደተጠቀለለ አደባባይ ወጥታ ሽጉጡን ይቅርታ ጠየቀች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ፤ እኔ ግን ቀጥሎ ተራው የእኔ ነውና ቅሌን አንስቼ ወጣሁ።

እኔ ስቆም የሆነው ሌላ ነው። ይርዳው ከምላጩ ሌላ ሞላውንም በርሜሉንም አስለውጦ ነበር። ሞላው ከአንድ አገር የመጣ፣ በርሜሉ ከሌላ አገር፣ ምላጩ ከሦስተኛ አገር፤ ሁሉም ለየብቻው ጥሩ ነው ይባላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሦስት ጣውንቶች በአንድ ጎጆ ሆኑ። ይርዳው አነጣጠረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ቀጭ» አለ። ከሸፈ። ጥይቱን ነክሶ አልለቅም አለ።

እንደዚህ ያለ ነገር በከተማችን ታይቶ አይታወቅምና ሰው ሁሉ ወደ ቅል ሹሙ ዞረ። እሱም ብዙ አሰበ። ከሸፈ ካለ የታተመውን ዕቃ መንቀፍ ሊሆንበት ነው። በመጨረሻ እጁን አነሳና «ያልተኮሰ አልሳተም!» አለ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። እኔም ጣቶቼን አየሁ፤ አምስቱም አሉ። ደስ አለኝ። ማን ይጠላል?

ከዚያ ወዲያ የሚከሽፍ ሽጉጥ የያዘ ጠባቂ ተከበረ። ለእኛ ለቅል ያዦች ዘመኑ ፋሲካ ሆነልን። ሞላ አጥብቅልኝ፣ በርሜል አጥብብልኝ ብለን ባይለየኝን የምንለምነው እኛው ሆንን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ረሳነው።

ያስታወሰን ነብሩ ነው።

የቆላው በር የሚባለው ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው በራችን ነው። በድርቁ ምክንያት አንድ ነብር ከቆላ ወጥቶ ፍየል ይለቅም ጀመር። ቀጥሎ ውሻ። ቀጥሎ የቆላው በር ጠባቂ ራሱ ተበልቶ ተገኘ። ሽጉጡ በእጁ ነበር፤ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ጥይቱ ሳይወጣ። የቅል ሹሙ በቀብሩ ላይ ሲናገር «እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልሳተም» አለ። ሰዎች ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ቀጥሎም የቆላው በር ለጀግና እንደሚገባና ጀግናም ሳይስት ብዙ የቆየው ይርዳው እንደሆነ ተነገረ፤ የዘንድሮውን ቅል ካልሳተ ወደዚያ ይሄዳል።

ወይ አበሳዬ! ስንት ዓመት ሙሉ እንዳይስት ስጸልይ ኖሬ አሁን እንዲስት መጸለይ ሊኖርብኝ ነው። እህል አልወርድልሽ አለኝ። ድስቱን እጥድና እሳቱን መለኮስ እረሳለሁ። በመንገድ ስሄድ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ አልፋለሁ።

ባይለየኝ ሱቅ ሄድኩ።

«አንተ ባይለየኝ፣ የወንድሜን የድሮውን ሞላ መልስልኝ።»

«የድሮውን?» አለ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። «እትዬ ስንቅነሽ፣ የድሮውን ሞላ እኮ ለሱቄ በር መዝጊያ አደረግሁት።»

«እሺ ከበሩ ላይ ንቀልልኝ።»

«ማኅተም እንዴት ይሰበራል? ደግሞስ ምን ጎደለው? ከኔ ሞላ ወዲህ አንድ ቀን ስቷል?»

«አንድ ቀን ተኩሷል?»

ሳቀ። ልጅ መሰልኩት። ስወጣ በሩ ከኋላዬ ደህና አድርጎ ግጥም አለ፤ እንዲያው እንዴት ያለ ጥሩ ሞላ ነበር!

ይርዳውን አስቀምጬ ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ሳት። ለእኔ ብለህ ሳት።»

«እንዴት አድርጌ ልሳት እትዬ? ካልተኮሰ በምን ልሳት?»

«አይተኩስም በላቸዋ! አፍ የለህም?»

አንገቱን ደፋ። ልጅ ሳለ እንዲህ ሲያደርግ ሊያለቅስ ነው ማለት ነው። «እኔም እፈራለሁ» አለኝ። «ግን ከተማው ሁሉ ጥሩ ነው እያለ እኔ ብቻ መጥፎ ነው ብል፣ ምናልባት ያላወቅሁት እኔ ብሆንስ?» ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት።

የቅል ቀን ደረሰ። ዕቃው በዝቷልና ይርዳው እንዲቆም የተደረገው በጣም ሩቅ ነው፤ ፊቱ በቅጡ አይታየኝም። አነጣጠረ። «ቀጭ።» የቅል ሹሙ እጁን ሊያነሳ፣ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጮኽኩ።

«አልተኮሰም! ድገም!»

ሴቶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ቅል ያዥ ተናግሮ አያውቅም። ቅል ያዥ አይናገርም የሚል ሕግም አልነበረም፤ ማንም አላሰበውም። ጣቶቼ ይሂዱ፣ እጄም ይሂድ፤ ብቻ ይህ ብረት እንደማይረባ ሰው ሁሉ ይይ ብዬ ነው። ይርዳው ሽጉጡ የነከሰውን ጥይት ጎትቶ አወጣና ደገመ። «ቀጭ።»

«ሁለት ጊዜ አልሳተም!» አለ የቅል ሹሙ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ድገም!» አልኩ።

ይርዳው ግራ ገብቶት ምን ሆነ ብሎ ሊያየው ሽጉጡን ወደ ታች አዘቀዘቀ። በዚያች ቅጽበት፣ ማንም ሳያዘው፣ ዷ! አለ። ጥይቱ የአደባባዩን ድንጋይ መታ፣ ከድንጋዩ ነጠረ፣ መጥቶ በእጄ ላይ ያለውን ቅል ፍርክስክስ አደረገው።

ምነው ክንዴን በመታው! ሕዝቡ አበደ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ይርዳውን ትከሻ ላይ አወጡት። «መሬቱን እያየ ቅሉን መታ!» ይላሉ። እኔ የቅል ፍርፋሪ ይዤ «ኧረ ስሙኝ፣ ኧረ በሞቴ» ብል ማን ይሰማኛል።

የቅል ሹሙ ግን ሰምቶኛል። ማሻሻያ ቤቱን ሰበሰበና መረመረ። ሽጉጡ ያው ነው፣ ጥይቱ ያው ነው፣ ሰውዬው ያው ነው። ታዲያ ዘንድሮ ምን ተጨመረ? ወይዘሮ ስንቅነሽ «ድገም» አሉ። ባይለየኝ ተጠርቶ አፌን አስከፍቶ ጉሮሮዬን አየ፤ ጥሩ ዕቃ ነው ብሎ መሰከረ። የእጅ አንጓዬ ላይ ጠፍር አስረው ቀይ ሰም አፈሰሱበትና አተሙኝ። ሰሙ ትኩስ ነበር። እንግዲህ እኔ የይርዳው ሽጉጥ ማሻሻያ ሆንኩ፤ የታተመ ዕቃ ደግሞ አይወጣም። ከወንድሜ ጋር ወደ ቆላው በር ወረድኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ይርዳው ይስቅብኝ ነበር። «ማሻሻያዬ፣ ውኃ አቀብይኝ» ይለኛል። «ዝገትህን ጥረግ» እለዋለሁ። ስንሳሳቅ ፍርሃቱ ቀለል ይለናል። በኋላ ግን አንድ ቀን ጉቶ ላይ ሊሞክር ሲል ከሸፈ፤ እኔም ለቀልድ «ድገም» ብለው ተኮሰ። ጉቶውን መታው። ይርዳው ሽጉጡን አየ፣ እኔን አየ። አልሳቀም።

«አጋጣሚ ነው» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ?»

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ነጥቡ ላይ አድርግ። እኔ ላይ ምን ትሠራለህ?»

እሺ አለኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር የሚያየው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ አፌ ሆነ። ብነግረው፣ ብቆጣው፣ ባለቅስ አልሰማም አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለካ ለእኔ ነው።

ነብሩ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ግንቡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ አልቸኮለም። ይርዳው ሽጉጡን አነሳ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ጎበዝ ነበር። «ቀጭ።» ጥይቱን አውጥቶ እንደገና መሞከር፣ አለዚያ ሽጉጡን ጥሎ በሩ ሥር የቆመውን ጦር መያዝ፣ አለዚያ በሩን ዘግቶ መግባት ይችል ነበር። ሁሉም በእጁ ነበር። እሱ ግን ነብሩን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«በይ እንጂ እትዬ» አለኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ድገም!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ነብሩ የዘለለው ያኔ ነው፤ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ እኔን እያየ።

ለቅሶ ላይ የቅል ሹሙ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እግዜር ያጽናዎት» አለኝ። «ሽጉጡ አልሳተም፤ እርስዎም አልተሰበሩም።» ከዚያ የቆላው በር ለትርንጎ ልጅ ለዳምጤ እንደተሰጠና ሽጉጡም ከነዕቃው እንደሚተላለፍ ነገረኝ። ከነዕቃው ሲል ወደ አንጓዬ አየ። እንባዬን ሳልጠርግ ትርንጎን ፈለግኋት፤ በሦስት ጣቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማዶ ቆማለች። ቀጥ ብላ አየችኝ፤ አደራ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ዳምጤ ደግ ልጅ ነው። ገና ስንወርድ ነገርኩት፤ ሽጉጡ አይረባም፣ እኔም አልረባም፣ ጦር ይዘህ ቁም፣ ካየኸው በሩን ዘግተህ ግባ አልኩት። «እሺ እትዬ» አለኝ። በሚቀጥለውም ቀን ነገርኩት። እሺ አለኝ። እናቱ እንደላከችኝ ነገርኩት፣ በጣቶቿ ለመንኩት። አለቀሰ፤ እሺ አለኝ።

ዛሬ ሲመሻሽ ከገደሉ በኩል ድንጋይ ተንከባለለ። ቀና ስል ነብሩ ግንቡ ላይ ነው፤ የድሮው ቦታው ላይ። ዳምጤ ገና ሽጉጡን ሳያወጣ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እኔን አትየኝ!» አልኩት። «ሩጥ ዳምጤ! ሩጥ!»

ንቅንቅ አላለም። ትዕግሥት በሞላው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣

«እትዬ፣ ቃሉ እሱ አይደለም» አለኝ።